ቤተሰብ ይዤ በፖንቱን ጀልባ ልወጣ ነው፤ ከመነሳቴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

ጥያቄ፦ የሦስት ልጆች አባት

ጤና ይስጥልኝ። በሚመጣው ቅዳሜ ቤተሰቤን ይዤ ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ላይ ለመዋል የፖንቱን ጀልባ ተከራይቻለሁ። ከዚህ በፊት አነስተኛ ባለሞተር ጀልባ ጥቂት ጊዜ ነድቻለሁ፤ ፖንቱን ግን ነድቼ አላውቅም። የምንሳፈረው አሥር ሰዎች ስንሆን ከመካከላችን ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴና ከአራት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናቸው አራት ልጆች ይገኙበታል። እናቴም ባለቤቴም ዋና አይችሉም።

ጀልባውን ለማየት በሄድኩበት ዕለት ያከራየኝ ሰው «ይህ እንደ ሳሎን ነው፤ አይገለበጥም፤ አያስቡ» አለኝ። እውነትም ሲያዩት ሳሎን ይመስላል፤ ወለሉ ጠፍጣፋ ነው፣ ዙሪያውን ሶፋ ተደርድሮበታል፣ መሐል ላይ ጠረጴዛ፣ ከላይ ደግሞ ጥላ አለው። ነገር ግን ጀልባው ገና ከመቆሚያው ሳይፈታ ልጆቼ የፊቱን በር ከፍተው ከአጥሩ ውጪ ባለችው ጠባብ ወለል ላይ ተደርድረው ተቀመጡና እግራቸውን ወደ ውኃው ሰደዱት። ሰውየው ፈገግ ብሎ አያቸው እንጂ ምንም አላላቸውም። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቤ አላረፈም።

ስለዚህ የምታውቁ ሰዎች እንድትመልሱልኝ የምጠይቀው ይህንን ነው። ጀልባው በሚሄድበት ጊዜ ሰው እዚያ ፊት ላይ ቢቀመጥ አደጋው ምን ያህል ነው? ዋና የሚችሉ አዋቂዎችም ቀኑን ሙሉ የሕይወት አድን ጃኬት መልበስ አለባቸው ወይስ ጃኬቱ በአጠገባቸው መኖሩ ይበቃል? አነዳዱስ ከሌላው ባለሞተር ጀልባ በምን ይለያል?

መልስ፦ የፖንቱን ነጂ

ጤና ይስጥልኝ። ልብዎ አለማረፉ ተገቢ ነው። ከጥያቄዎችዎ አንዱን ብቻ መልስ ብባል የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ስለዚህ እርሱን ሰፋ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

ፖንቱን የሚንሳፈፈው ከወለሉ ሥር በተዘረጉ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት፣ አየር በያዙ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ላይ ነው። ሰፊ ስለሆነና ክብደቱን ግራና ቀኝ ተከፋፍለው ስለሚሸከሙት ወደ ጎን እምብዛም አይወዛወዝም፤ ያከራየዎት ሰው የተናገረው በዚህ በኩል እውነት አለው። ድክመቱ ያለው ከፊት በኩል ነው። እንደ ብዙዎቹ ጀልባዎች ማዕበሉን ሰንጥቆ ወደ ላይ የሚነሳ ከፍ ያለ አፍንጫ የለውም፤ ወለሉም ለውኃው ቅርብ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ከፊት ሲከማች፣ ወይም ነጂው የሞተሩን ኃይል በድንገት ሲቀንስ፣ አፍንጫው ያጎነብሳል፤ በዚያው ቅጽበት የሌላ ጀልባ ማዕበል ከደረሰ ውኃው ወለሉ ላይ ይወጣና በክብደቱ ጀልባውን ይበልጥ ወደ ታች ይደፍቀዋል።

ከአጥሩ ውጪ የተቀመጠ ሰው ቢወድቅ የሚወድቀው ከጀልባው ፊት ነው። ጀልባው በላዩ ላይ ያልፋል፤ ሰውየው በቱቦዎቹ መካከል ይገባል፤ የዚያ መተላለፊያ መጨረሻ ደግሞ ሞተሩ ነው። ጀልባውን የሚገፋው ባለ ሦስት ምላስ ፕሮፔለር በደቂቃ 3,200 ጊዜ ሲዞር አንድን ነገር በአንዲት ሰከንድ ውስጥ 160 ጊዜ ሊመታ ይችላል። ነጂው ፈጣን ነው ቢባል እንኳ የሆነውን አይቶ፣ ተረድቶ፣ እጁን ወደ ቁልፉ እስኪሰድ ድረስ ነገሩ አልፏል።

ይህንን የምጽፈው ከወሬ ተነስቼ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእህቴ ልጅ ለምናኝ ከፊት በር ውጪ እንድትቀመጥ ፈቀድኩላት። ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው። አንድ ትልቅ ጀልባ ከፊታችን አቋርጦ አለፈና ማዕበሉ ሲመጣ ደንግጬ የፍጥነት ማንሻውን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ሳብኩት። ይህ ትልቁ ስሕተቴ ነበር፤ አፍንጫው ወዲያው ወረደ፣ የራሳችን ማዕበል ከኋላ ደርሶ ገፋን፣ የፊተኛው ማዕበል ደግሞ በልጅቷ ላይ ወጣ። የበሩን ብረት በሁለት እጇ አቅፋ ስለያዘች ውኃው ከወገቧ በላይ እየገፋት ሳይወስዳት ቀረ። አንድ እግር ነጠላ ጫማዋ ግን ወልቆ ሄደ። ጫማው የት እንደወጣ ታውቃላችሁ? ከሞተሩ በስተኋላ። ከፊት ገብቶ በጀልባው ሥር አልፎ፣ በፕሮፔለሩ አጠገብ ብቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ከዚያች ቀን ወዲህ በሮቹ ሁሉ ተዘግተው ቁልፋቸው ካልገባ ሞተሩን ማርሽ ውስጥ አላስገባም። ከአጥሩ ውጪ፣ በአጥሩ ላይ ወይም ከኋላ ባለው መዋኛ መድረክ ላይ ሰው ካለም እንዲሁ።

ስለ ክብደት ደግሞ እንዲህ ነው። የሶፋውን ስፋት አይተው «አሥራ አራት ሰው ይበቃል» አይበሉ። በመሪው አካባቢ ብዙውን ጊዜ የሚለጠፍ ሰሌዳ አለ፤ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚጭን ይናገራል። የሰው ቁጥር ሳይሞላ ኪሎው ከሞላ እዚያው ማቆም ነው፤ በረዶ የተሞላ የመጠጥ ሳጥን፣ ውኃ፣ ዕቃ ሁሉ ይቆጠራል። ሰሌዳው ከሌለ አከራይዎን በጽሑፍ ይጠይቁ። አሥር ሰው በሰሌዳው ልክ ቢሆን እንኳ አሥሩም አንድ ነገር ለማየት ወደ አንድ ጎን ወይም ወደ ፊት ግር ብለው እንዲሄዱ አይፍቀዱ። ከባድ ከባዱን ሰው ከመሐል ወደ ኋላ ያስቀምጡ።

ማዕበል ሲመጣ ፍጥነትዎን ቀድመው፣ ቀስ በቀስ ይቀንሱ፤ ነገር ግን አፍንጫው ቀና ብሎ እንዲቆይ የሚያስችል ኃይል ይተዉለት። ማዕበሉን ፊት ለፊት ከመግጠም ትንሽ አዙረው ሰያፍ ቢያገኙት ቱቦዎቹ ተራ በተራ ይወጡታል። ከፊት ያሉትንም ሰዎች ቀደም ብለው «ወደ ኋላ ኑ» ማለት ነው፤ ማዕበሉ ከደረሰ በኋላ ሰው ማንቀሳቀስ አደጋውን ያባብሰዋል።

ነፋስን በተመለከተ፣ አጥሩና ጥላው እንደ ሸራ ስለሚያገለግሉ ፖንቱን ከሌላው ጀልባ ይልቅ በነፋስ ይገፋል። ወደ መቆሚያው ሲመለሱ ከተቻለ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው በዝግታ ይቅረቡ፤ ጥላውንም አስቀድመው ያጥፉት። ጀልባው ሊጋጭ ሲል ማንም በእጁ ወይም በእግሩ ሊያግደው እንዳይሞክር ከመነሳትዎ በፊት ይንገሯቸው። ቶን የሚጠጋ ነገር በጣት አይቆምም።

መልስ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ

እኔ ጀልባ ነጂ አይደለሁም፤ ከውኃ የወጡ ሰዎችን ተቀብዬ የማክም ነኝ። ስለዚህ የምመልሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።

አዎን፣ ሁሉም ይልበስ፤ ዋናተኛውም ጭምር። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎች ዘገባ ላይ ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞቱት በመስጠም ሲሆን፣ ከሰጠሙትም ከአሥሩ ስምንት የሚበልጡት ጃኬት ያልለበሱ ናቸው። ጃኬቱ በብዙዎቹ ጀልባዎች ላይ አልጠፋም፤ በሶፋው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሰው ውኃ ውስጥ ከገባ በኋላ ጃኬት መልበስ፣ መኪና ከተጋጨ በኋላ ቀበቶ ለማሰር እንደ መሞከር ነው።

ዋና የሚችል ሰው የሚዘነጋው ቅዝቃዜን ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሳይፈልግ ያለከልካል፤ በዚያች ደቂቃ አፉ ከውኃው በታች ከሆነ ውኃ ወደ ሳንባው ይስባል። ትንፋሹን ከተቆጣጠረ ደግሞ እጅና እግሩ እንደ ልቡ የሚታዘዙለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጣቶቹ ገመድ መያዝ ይሳናቸዋል። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን እስኪስት ግን አንድ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ያንን ሰዓት በሕይወት የሚያቆየው፣ እጁ ባይታዘዘውም እንኳ ራሱን ከውኃ በላይ የሚይዝለት ጃኬት ነው።

የልጆቹን ጃኬት ከመነሳትዎ በፊት አንድ በአንድ ይፈትሹ። ልጁን አልብሰው፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቀው፣ የጃኬቱን ትከሻ ወደ ላይ ይሳቡት። ጃኬቱ ወጥቶ አገጩንና ጆሮውን ከሸፈነ ይሰፋዋል፤ ውኃ ውስጥም ልጁ ከጃኬቱ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ለአራት ዓመቱ ልጅ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ራሱን የሚደግፍ አንገትጌና ከጀርባው መያዣ ያለው ይሁን። «ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ ልብስ ይገዛል፤ ይህ ግን የዚያ ዓይነት ልብስ አይደለም። በአየር የሚነፉት ጃኬቶች ደግሞ ለልጆችና ዋና ለማይችል ሰው አይሆኑም፤ ለእናትዎና ለባለቤትዎ ውስጡ ስፖንጅ ያለበትን ይምረጡ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የሚሰጥም ሰው በአብዛኛው አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውኃው በላይና በታች እየሆነ ትንፋሽ ለመሳብ ብቻ ስለሚታገል ለጩኸት የሚተርፍ አየር የለውም። እጆቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውኃውን ወደ ታች ይጫናሉ፤ ራሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ዓይኑ ፈዝዞ ይታያል። ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ዝም ካለ ያኔ ነው መደንገጥ። ወደ እርሱ ዘልሎ ከመግባት ይልቅ የሚንሳፈፍ ነገር ወይም ገመድ ይወርውሩለት፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይዞ ስለሚወርድ ሊያድን የገባው አብሮ ይሰጥማል።

በመጨረሻም ስለ ጭሱ ልናገር። የሞተር ጭስ በውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው፤ ይህ መርዛማ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ሞተሩ እየሠራ ጀልባው በቆመበት፣ ወይም ነፋስ ከኋላ እየነፈሰ በዝግታ ሲሄድ፣ ጋዙ ከኋላ በኩልና ከወለሉ ሥር ይጠራቀማል፤ ጥላው በሸራ ዙሪያውን ሲዘጋም ወደ ውስጥ ይገባል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር ሲጀምር ሰው «ውኃው አዙሮኝ ነው» ወይም «ፀሐይ መትቶኝ ነው» ብሎ ይተኛል። እባክዎ አያስተኟቸው፤ ሞተሩን አጥፍተው ንጹሕ አየር ወዳለበት ይውሰዷቸው፤ የሕክምና እርዳታም በቶሎ ይጥሩላቸው።

መልስ፦ የጀልባ ሞተር መካኒክ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ጀልባው ከመቆሚያው ሳይፈታ መታየት ያለበትን ነው።

ጀልባውን ከሩቅ ቆመው ይዩት። ባዶውን ሆኖ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ወይም የአንደኛው ቱቦ ጀርባ ከሌላው ይልቅ ውኃ ውስጥ ጠልቆ ከታየ፣ በቱቦው ውስጥ ውኃ ሊኖር ስለሚችል አይሳፈሩበት። ቱቦዎቹ ብዙውን ጊዜ በውስጣቸው በክፍል በክፍል የተከፋፈሉ ናቸው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌላው እንዲያንሳፍፈው ነው። ይህ መልካም ነገር ቢሆንም፣ አንዱ ክፍል ውኃ ይዞ ጀልባው እየተንሳፈፈ ስለሚሄድ ባለቤቱ ሳያውቅ ወራት ሊቆይ ይችላል። ለጥገና በመጣ አንድ ጀልባ ላይ የኋላውን የማፍሰሻ መክደኛ ስፈታ ለረጅም ጊዜ እንደ ቧንቧ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ «ሰሞኑን ትንሽ ከብዶታል» ብቻ ነበር ያለኝ። ውኃው ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚንሻተት ባልጠበቁት ሰዓት አፍንጫውን የሚጥለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀጥሎ ሞተር ማጥፊያ ገመዱን ያግኙት። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ሆኖ በመሪው አጠገብ ይንጠለጠላል፤ አንዱ ጫፍ ማብሪያው ላይ ይገባል፣ ሌላው በነጂው ሰውነት ወይም ጃኬት ላይ ይያያዛል። ነጂው ከወደቀ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩ ይጠፋል። ያለ እርሱ ነጂ የሌለው ጀልባ ክብ እየሠራ ተመልሶ በወደቀው ሰው ላይ ሊመጣ ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ርዝመታቸው ከ26 ጫማ፣ ማለትም ከስምንት ሜትር ገደማ፣ በታች የሆኑና ይህ መሣሪያ የተገጠመላቸው ጀልባዎች ነጂዎች በፍጥነት ሲጓዙ እንዲያያይዙት በሕግ ተደንግጓል። እርስዎ ግን ሕግ ኖረም አልኖረ ያያይዙት፤ ከመነሳትዎም በፊት ሞተሩን አስነስተው ገመዱን ነቅለው በእርግጥ መጥፋቱን ያረጋግጡ። በተጨማሪም እርስዎ ቢታመሙ ወይም ቢወድቁ ጀልባውን የሚያቆምና የሚመልስ ሁለተኛ አዋቂ ያሠልጥኑ፤ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ነዳጅ ሲሞላ ሁሉም ሰው ይውረድ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ባለ ቦታ ይጠራቀማል። የቀኑን ነዳጅ ሲያስቡ አንድ ሦስተኛውን ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛውን ለመመለሻ፣ የቀረውን ለክፉ ቀን ይተዉት። እሳት ማጥፊያው፣ ፊሽካው፣ የሚወረወረው ተንሳፋፊና መልሕቁ የት እንዳሉ አከራዩ በእጁ እንዲያሳይዎት ያድርጉ፤ «አለ» ማለቱ አይብቃዎ።

ልጆች በመቆሚያው አካባቢ እንዳይዋኙም አደራ እላለሁ። በመቆሚያው የኤሌክትሪክ መስመር ካለና አንድ ሽቦ ተበላሽቶ ወደ ውኃው ኤሌክትሪክ ከለቀቀ፣ በዓይን ምንም ሳይታይ የዋናተኛውን ጡንቻ ያደነዝዘዋል። አሰጣጠሙም እንደ ተራ መስጠም ስለሚመስል ሌላው ሊያድነው ይዘላል።

የሦስት ልጆች አባት

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ልጆቹን ሰብስቤ የነጠላ ጫማዋን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ትልቋ ልጄ ከማንም በላይ ዝም ብላ አዳመጠችኝ። በሩን የመዝጋትና የማረጋገጥ ኃላፊነት ለእርሷ ሰጥቻታለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ ጃኬቱ ደረታቸውን እንደሚያፍናቸውና ለሙቀትም እንደማይመቻቸው ይናገራሉ። ልጆቹ ደግሞ መሐል ላይ ቆመን እንዲዋኙ ይፈልጋሉ፤ ይህ እንዴት ቢደረግ ይሻላል?

የድንገተኛ ክፍል ነርስ

እናትዎን በቤት ውስጥ አስቀድመው ያለማምዷቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያፍነው መጠኑ ያልተስተካከለ ጃኬት ነው፤ የጎን ማሰሪያ ያለውና ብብቱ ሰፋ ያለ ዓይነት ይፈልጉላቸው፤ ከሥሩ ቀለል ያለ ልብስ ይልበሱ፣ ከጥላው ሥር ይቀመጡ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። እምቢ ካሉ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው እርሳቸውን አይተው እንደሚያወልቁ ይንገሯቸው። አያት ለራሷ የማትቀበለውን ለልጆቹ ስትል ትቀበላለች።

የፖንቱን ነጂ

ለመዋኘት ከጀልባ መንገድ የራቀ፣ ነፋስ የማይበዛበት ቦታ ይምረጡ። መልሕቁን ከፊት በኩል ይጣሉት፤ ከኋላ የታሰረ ጀልባ ማዕበል ሲመጣ ሞተሩ ባለበት በኩል ወደ ታች ይሳባል። የገመዱ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይሁን። ጀልባው መልሕቁን ይዞ መቆሙን በዳር ያለ አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ እያዩ ያረጋግጡ።

ከዚያ ሞተሩን ያጥፉ። ዜሮ ማርሽ ላይ ማድረግ ማጥፋት አይደለም፤ ቁልፉን ነቅለው ኪስዎ ይክተቱት። በብዙ ፖንቱኖች ላይ መውጫ መሰላሉ ያለው ከሞተሩ ጎን ነው፤ ለዚህ ነው ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ካልሆነ ማንም ውኃ ውስጥ መግባት የሌለበት። ልጆች በወለሉ ሥር በቱቦዎቹ መካከል እየዋኙ መደበቅ ይወዳሉ፤ ከላይ ሆነው ስለማይታዩ ይህንን በፍጹም ይከልክሉ። ከጀልባው ላይ በራስ መዝለልም እንዲሁ፤ የሐይቅ ጥልቀት ከላይ ሲያዩት ያታልላል። አንድ አዋቂ ስልክ ሳይነካ፣ ሳይጠጣ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሳይጫወት ዋናተኞቹን ብቻ ይመልከት፤ በየሃያ ደቂቃውም ይቀያየሩ። አልኮልን በተመለከተ ነጂው ጨርሶ አይቅመስ፤ ፀሐዩ፣ የሞተሩ ድምፅና መወዛወዙ ብቻቸውን ሰውን ያደክማሉ።

ነጎድጓድ ከሰሙ ዝናቡን ሳይጠብቁ ወደ ዳር ይውጡ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳያልፍም አይመለሱ። የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ዳር ለሚቀር አንድ ሰው ይንገሩ። ቁልፉን ከኪስዎ ከማውጣትዎ በፊት ደግሞ ሰዎችዎን ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ አሥር ሳይሞላ ሞተሩ አይነሳም።